በቁሙ የተቀበረ ጓያ

ጎበዜ መርካቶ እህል በረንዳ የገባው በጥር አጋማሽ፣ ጆንያ ተሸክሞ እስከ ሰኔ ሊከርም ነው። አገሩ ፎገራ ነው፤ እዚያም የእኔ የሚለው ሁለት ጥማድ የሩዝ መሬት ነበረው።

መሬቱ ለአሥራ አምስት ዓመት ሩዝ በሩዝ ላይ ተዘርቶበታል። ገለባው ለበሬ፣ የበሬው እበት ለምድጃ ሲሄድ፣ ወደ አፈሩ የሚመለሰው ዩሪያ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ዩሪያውም አልበጀ፤ ቡቃያው ገረጣ፣ ዛላው ፍሬ አልባ ሆነ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ አፈሩን በእጁ አሽቶ እውነቱን ነገረው፤ ይህን ምስጋና አልነፍገውም። ከሩዙ አጨዳ በኋላ በቀሪው እርጥበት የሚበቅለውን ጓያ፣ ከነአበባው ከአፈሩ ጋር ገልብጦ እንዲያርሰው መከረው። «አፈሩ ራሱ ካልበላ ማዳበሪያውን አይይዝልህም» አለው።

ለገበሬ እህልን በቁሙ መቅበር ኃጢአት ነው። ጎረቤቶቹ «ጠበል ውሰዱት» ተባባሉ። ጎበዜ ግን አረሰው። ጓያው ቤተሰቡ እስከ ክረምት የሚበላው ነበርና፣ ያን ጉድለት ሊሞላ መርካቶ ወረደ።

በየካቲት ያው ቀበሌ የመሬት ኮሚቴ ላከ። ኮሚቴው ባዶ ማሳ አየ፤ ባለመሬቱ የት እንዳለ ጠየቀ፤ «አዲስ አበባ ነው» ተባለ። «ጦም ያደረ፤ ባለይዞታው የተሰደደ» ብሎ መዘገበ። ሕግ ዓመታት የሚጠብቅበትን ጉዳይ ኮሚቴው ከምሳ በኋላ ጨረሰው። ያ ባለሙያ ለምስክርነት ሲፈለግ ሥልጠና ላይ ነበር። ባለሙያ ለምስክርነት ተፈልጎ ሥልጠና ላይ ያልሆነበትን ቀን የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።

ከቀበሌው የመጣለትን ደብዳቤ ያነበቡለት ጆንያቸውን የሚሸከምላቸው የእህል ነጋዴ ወይዘሮ በለጥሻቸው ናቸው።

«ምን ይላል፣ እትዬ?»

«መሬትህ ለአቶ ፋንታዬ ተሰጠ ይላል።»

«የሊቀመንበሩ እህት ባል?»

«ዝምድናውንማ አልጻፉትም። እንዲህ ያለው በደብዳቤ ይጻፋል እንዴ፣ የእኔ ሞኝ!»

ጎበዜ አቤት አለ። መልሱ በሁለት ማኅተም ታትሞ መጣ፤ «ጓያ በማዳበሪያነት ስለ መመዝገቡ የወረደ መመሪያ ባለመኖሩ፣ አቤቱታው ውድቅ ሆኗል።» መሬትን ከሞት ያስነሣ ሰው መመሪያ ስላልወረደለት ወንጀለኛ ሆነ። መመለሻ አጥቶ እህል በረንዳ ቀረ።

በኅዳር ፋንታዬ በወይዘሮ በለጥሻቸው ሱቅ ስልክ ደወለ። ድምፁ የሠርግ ቤት ድምፅ ነበር።

«ጎበዜ! ሩዙ እኮ ዛላው ከብዶት ተኛ! እንዲህ ያለ አዝመራ አይቼ አላውቅም። ምን አድርገህበት ነው?»

«ጓያ ቀብሬበት።»

«ዘንድሮ እኔም ልቅበር ወይ?»

ጎበዜ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ቅበር እንጂ፤ አፈሩ ምን በደለ? ግን አስቀድመህ ሚስትህን ጠይቃት፤ ወንድሟ አሁንም ሊቀመንበር ነው ወይ በላት።»