ያነበብኩላቸው ቃለ ጉባኤ

ከጅማ ከተማ ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ፣ በአዴ ጫልቱ ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተገኙት እነዚህ ናቸው። የቤቱ ባለቤት አዴ ጫልቱ፣ ከስፌት መኪናቸው አጠገብ ቆመው። አናጺው ጋሽ ወልዴ፣ ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው። ጎረቤቴ ታደለች፣ በሩን ተደግፋ። ሌሎች ሰባት ሰዎች ግድግዳውን ይዘው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው የቆምኩት። አጀማመሬ እንግዳ ከሆነባችሁ፣ ቃለ ጉባኤ በዚህ ይጀመራል ተብዬ ስለተማርኩ ነው። ጮክ ብዬ ማመስገን አይሆንልኝም፤ እናንተ አሜን በሉልኝ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አጋሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጅማ ኮሌጅ ገባሁ። የመጀመሪያዎቹ ኮርሶች ታይፕ፣ አጭር ጽሕፈት፣ የሒሳብ አያያዝ መግቢያና ማኅበራዊ ሳይንስ ነበሩ። በማኅበራዊ ሳይንስ ክፍል እግዚአብሔር የለም ሲሉን በደብተሬ ጻፍኩት። ለመቀበልም አልከበደኝም። ታላቅ ወንድሜ ዘውዴ ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ወዲህ መጸለይ ትቼ ነበር።

የቢሮ ሥራ መምህራችን ጥብቅ ሴት ነበሩ። “ጸሐፊ አስተያየት የላትም። የተባለውን ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ ታስፈርማለች። ያልተነበበና ያልተፈረመ ቃለ ጉባኤ የስኳር መጠቅለያ ነው” ይሉን ነበር። አንድ ጊዜ ሳላስፈርም ባቀርብ ዜሮ ሰጥተውኛል።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ አያሌው አስጠራኝ።

“አጭር ጽሕፈት ትችያለሽ አሉ። እነዚያ ጴንጤዎች ቤት ለቤት እየተሰበሰቡ የሚሉትን ቃል በቃል አምጪልኝ። ከነስማቸው። ስትመረቂ የቀበሌው ጸሐፊነት ያንቺ ነው።”

እናቴ ቡና እየለቀመች ነበር የምታስተምረኝ። እሺ አልኩ። ታደለችን “ጸሎታችሁን ማየት እፈልጋለሁ” አልኳት። ደስ ብሏት እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

ያን ቅዳሜ በለሆሳስ ዘመሩ። አዴ ጫልቱ፣ “የጸሎት ቤታችንን ቢያሽጉት የጌታን ጆሮ አላሸጉት” ብለው ተናገሩ። ይህ ብቻውን ያሳስር ነበር። ጻፍኩት። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል አዴ ጫልቱ ወደኔ ዞሩ።

“ኢንተላ ኮ፣ ላንቺስ ምን እንጸልይ?” ኦሮምኛና አማርኛ ሲቀላቅሉ ሁልጊዜ ልጄ የሚሉት እንዲህ ነበር።

“አጀንዳ የለኝም” አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ሳቁ። “ይቺን ልጅ ስብሰባ ጨርሷታል!”

ሊወጡ ሲነሡ፣ “ይቅርታ፣ ሳይነበብና ሳይፈረም አትሂዱ” የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። ለብዙ ዘመን የዜሮው ፍርሃት ነው እል ነበር። ዛሬ ጌታ ነው እላለሁ። ስሙ ይባረክ።

የተገኙትን ስም ከነቆሙበት ቦታ ማንበብ ጀመርኩ። ታደለች ከበሩ ሳትነቃነቅ፣ “ይሄ ለማን ነው?” አለችኝ።

“ለቀበሌ።”

“እኔ ነኝ ያመጣኋት” አለች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

“ወይ ጉድ!” አሉ ጋሽ ወልዴ። “ሰልለሽን ስታበቂ ደግሞ ፈርሙልኝ ትያለሽ?”

“ተዋት፣ ትጨርስ” አሉ አዴ ጫልቱ።

ማንበቤን ቀጠልኩ። “እንግዳዋ የጸሎት ርእስ አላቀረበችም” የሚለው ላይ ስደርስ አዴ ጫልቱ አስቆሙኝ።

“እሱ ላይ ጎደለ። እሷ ባታቀርብም ጸልየንላታል። አንገትሽን ደፍተሽ ስትጽፊ በልባችን ጸልየንልሻል። ጨምሪው።”

ጨመርኩት። ከዚያ የታይፕ ካርቦን ከደብተሬ መሐል አዩና አውራ ጣታቸውን አሹበት። ፊደል ስለማያውቁ በአሻራ ነበር የሚፈርሙት።

“አዴ ጫልቱ፣ ይታሰራሉ እኮ” አልኳቸው።

“ያልኩትን ነው የጻፍሽው። ያልኩትን አላልኩም ልበል?”

አልፈሩም አልላችሁም። ጣታቸውን ከጽሑፉ ሥር ሲያሳርፉ አሻራው ተንሸራቶ ወጣ። ጋሽ ወልዴ እያጉረመረሙ ፈረሙ። ሌሎቹም ተከተሉ። ታደለች በመጨረሻ ፈረመች፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

ያኔ ነው እርሳሴን ያስቀመጥኩት። “አጀንዳ አለኝ” አልኩ። ስለ ዘውዴ ነገርኳቸው። መጸለይ እንደማልችልም፣ ይቅር እንዲሉኝም። ሁሉም መልሰው ተንበረከኩ። እኔም ተንበረከክሁ፤ ለጌታም በዚያች ሰዓት ተሸነፍኩ። ሃሌ ሉያ። ያ ጸሎት አልተጻፈም።

ስወጣ የተፈረመውን ወረቀት ለአዴ ጫልቱ ብሰጣቸው መለሱልኝ። “የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ የምታደርጊውንም አንቺ ታውቂያለሽ” አሉኝ። ቀድጄ አወቱ ወንዝ ውስጥ በተንኩት። ሰኞ ኮሌጁ ታይፕ ክፍል ገብቼ ሌላ ጻፍኩ።

ቀሪው ጥቂት ስለሆነ፣ በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልናገር። ከኮሌጅ ተባረርኩ፤ ጥቂት ሳምንትም ታሰርኩ። ዘውዴ አልተመለሰም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ማመልከቻ በታይፕ እየጻፍኩ ኖርኩ። ይሁንና ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ብቻዬን የሆንኩበት ቀን የለም። ጌታ ይመስገን። እዚህ ጥግ ይዘሽ የተቀመጥሽ፣ አጀንዳ የለኝም የምትይ እህቴ፣ የምትይው ሳይኖርሽም እርሱ ይሰማሻል። እመኚው።

ሰኞ ከሰዓት ወረቀቱን ለጓድ አያሌው ሰጠሁት። የተገኙ በሚለው ሥር የእኔ ስም ብቻ ነበር፤ ጥግ ላይ ተቀምጣ ይላል። የተባለው፣ “ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ።” ውሳኔ፣ ጌታን ተቀብላለች። ከሥሩ ፊርማዬ።

ሁለቴ አነበበው።

“ሌሎቹስ?”

“የራሴን ብቻ ነው የማቀርበው፣ ጓድ።”

“ልጅቷ፣ ትምህርትሽ እዚህ ላይ ያበቃል። ገብቶሻል?”

“ገብቶኛል።”

ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ ገፋው። “ወስደሽ አስተካክለሽ አምጪ። እኔም አላየሁትም።”

“የሚስተካከል የለውም” አልኩት። “ተነብቦ ተፈርሟል።”

ወረቀቱን መልሼ ፊቱ አኖርኩለት። ቦርሳዬን አነሣሁና ወጣሁ።