አባዬና የኮታቸው የውስጥ ኪስ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶች በራችን ላይ ቆመው ሳለ አባዬ እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱ። የአንደኛው ፖሊስ እጅም ወደ ሽጉጡ ወረደ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አባዬ ከአገር ቤት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ጋ ከመጡ ሦስት ወራቸው ነው። ጆሯቸው ስለደከመ ቲቪውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ነው የሚያዩት።

ዛሬ ያገኙት የህንድ ፊልም የሽፍታና የበቀል ነው። ብዙ ብር አልወጣበትም፤ ደሙ ድልህ ይመስላል። ሽፍታው ሰባት ጥይት በልቶ ገና ንግግር ያደርጋል።

ተኩሱ አለ፣ ፊልሙ ላይ ያለችው ሴትዮ ጩኸት አለ፣ በዚያ ላይ አባዬ እንደ ድሮው ሲኒማ ቤት ብድግ ብለው «በለው! እንዳያመልጥህ!» ይላሉ። ጎረቤት ነው መሰለኝ 911 ኮል ያደረገው። አልፈርድበትም።

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አባዬ ዩኒፎርም ሲያዩ፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደለመዱት፣ ሳይጠየቁ መታወቂያ ሊያወጡ ነው። ፖሊሱ እጅህን አሳየኝ ብሎ ጮኸ። እሳቸው እንግሊዝኛ አያውቁም።

«አባዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ምንም ሳይዙ እጅዎን ያውጡ» አልኳቸው።

«መታወቂያዬን እኮ ነው» አሉ ቅር ብሏቸው። እጃቸው ግን ባዶውን ወጣ።

ፖሊሶቹ ቲቪውን አይተው፣ ሳቅ ብለው ሄዱ። ሽፍታው ሰባቱን ችሏል፤ ለአባዬ አንዷ ትበቃቸው ነበር።

አሁን ፊልሙን ከቆመበት ቀጥለዋል፣ ኮታቸውን እንደለበሱ። እናንተ ለወላጆቻችሁ እዚህ አገር ፖሊስ ፊት እጅ ወደ ኪስ እንደማይሰደድ እንዴት ብላችሁ ነገራችኋቸው? እኔ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ።