የአብራሪው ጥፋት

የሜዳው ጥበቃ አንድ የማይወደው ሰውዬ አለ። ሰውዬው እሑድ እሑድ ጫማውን አስወልውሎ፣ በገዛ እጁ የሠራትን ባለ ድርብ ክንፍ ትንሽ አውሮፕላን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ይመጣና በሬዲዮ መቆጣጠሪያ ያበራታል። መቀመጫዋ ላይ አውራ ጣት የሚያህል የእንጨት አብራሪ ተቀምጧል።

ዛሬም አውሮፕላኗ ከአጥሩ ጋር ተላተመች። ሰውዬው አብራሪውን ነቅሎ አፈጠጠበት።

«ድሮም ሰው አይወጣህም ብዬ ነበር!» አለና ጭንቅላቱን ቀንጥሶ ጣለው። ከኪሱ ሌላ ጭንቅላት አውጥቶ ማስቲሽ ቀባና ለጠፈበት፤ ከዚያ ጣቱን ላሰ።

«ጋሼ፣ መቆጣጠሪያው እኮ እርስዎ እጅ ነው» አለው ጥበቃው።

«ታዲያስ! እኔ እኮ አለቃው ነኝ።»

ጥበቃው ሰባተኛውን ጭንቅላት ከአጥሩ ሥር እየጠረገ፣ ሰኞ ጠዋት ይህን ሰውዬ በሚመራው መሥሪያ ቤት ብድግ ብለው የሚቀበሉትን ሠራተኞች አሰበና ሳይታወቀው አንገቱን ዳበሰ።