አሥራ ስድስተኛው ትከሻ

ሺንሳኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ወደ በዓል ሲያመላልስ ኖሯል። የጎብኚዎች አውቶቡስ ሹፌር ነው። አበባ ሲፈነዳ ወደ አበባው፣ ርችት ሲተኮስ ወደ ወንዙ ዳር፣ መኸር ሲገባ ደግሞ የችቦ በዓል ወዳላቸው የተራራ ከተሞች ይነዳል። ተሳፋሪው ሲወርድ እሱም ይወርዳል፤ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጠ ከሕዝቡ ጋር ያጨበጭባል። ነገሩ ሥራ ብቻ አልነበረም። በሰው አገር በዓል ላይ ማንም በስሙ አይጠራውም፣ ማንም «እስቲ ይህን ያዝልኝ» አይለውም። ያንን ይወደው ነበር።

ሚናሴ የምትባለው የራሱ መንደር በዓል ሩዙ ታጭዶ እንዳለቀ ይውላል። በዕለቱ የመንደሩ አምላክ ሚኮሺ በምትባል ባለ ጉልላት ትንሽ ቤት ሆኖ በወንዶች ትከሻ ከደጅ ደጅ ይዞራል። በየደጁ ቆመው ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ያነሷታል፤ ቤቱ ተባረከ ማለት ነው። ለዚህ አሥራ ስድስት ትከሻ ያስፈልጋል። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲፈልስ ትከሻው አነሰ፤ ሚኮሺዋ በትንሽ ጭነት መኪና ላይ ታስራ መዞር ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆናት።

አምና እናቱ ፉኪ ስልክ ደወለችለት።

«መኪናው እንደ ዓሣ ነጋዴ ሽው ብሎ ነው የሚያልፈኝ» አለችው። «ዘንድሮ አሥራ አምስት ሰው ተገኝቷል አሉ። የጎደለው አንድ ትከሻ ነው። አንተ ትከሻ የለህም?»

«አለኝ እማ፤ ግን መሪው ላይ ተጣብቋል።»

«የሰው በዓል ሲሆንማ ይላቀቃል!»

ሁለቱም ሳቁ። እሱም ፈቃድ ጠየቀ፤ ተሰጠው። ኋላ ግን አውቶቡሱ አይቶት ወደማያውቀው የችቦ በዓል እንደሚሄድ ሲሰማ ልቡ ከዳው፤ ፈቃዱን መለሰ። ለእናቱ «አለቃዬ ከለከለኝ» አላት።

«አይዞህ ልጄ፣ አለቃ ምን ይደረጋል» አለችው። አመነችው። ከዚያ ወዲህ ይህቺ «አይዞህ» ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ እሾህ ተሰንቅራ ቀረች።

ዘንድሮ ሳትጠይቀው ቃል ገባ፤ ለመንደሩ ሽማግሌ ለጌንጎሮም ራሱ ጻፈለት። በዓሉ ሊደርስ ሠላሳ ሰባት ቀን ሲቀረው እናቱ አረፈች።

የሐዘንን ወግ ያውቀዋል። ቢሆንም በበዓሉ ጠዋት ሄደ። ከቤተ መቅደሱ በር ሳይደርስ ጌንጎሮ እጁን ዘርግቶ አስቆመው።

«ቁም! ቀኑን ቆጥረኸዋል?»

«ሠላሳ ሰባት።»

«ሐዘን የገባበት ቤት ሃምሳ ቀን ሳይሞላው በዚህ በር አያልፍም፤ ሚኮሺም አይነካም። ይህን ለአንተ እኔ ልንገርህ?»

«ጋሼ፣ የምሸከመው እኮ ለእሷ ብዬ ነው።»

«አምናም እኮ ለእሷ ነበር» አለ ሽማግሌው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የባሰውም ያ ነው።

ዘንድሮም ሊሸከሙ የመጡት አሥራ አምስት ወንዶች አንገታቸውን ደፉ። «በሉ እንግዲህ፣ መኪናዋን አስነሷት» አለ አንዱ። ሌላው ግን ከሚስቱ ጋር ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ አንድ መላጣ መንገደኛ አየ።

«አንተ ባለ ካሜራው! ወገብህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ምነው?»

«እንግዲያው ና ግባ! ፎቶውን ሚስትህ ታነሳሃለች።»

ሳቅ ሆነ። ለሺንሳኩ የተቀመጠውን ሰማያዊ የበዓል ካባ አለበሱት፤ እጅጌው አጠረበት።

ሺንሳኩ ወደ እናቱ ቤት ተመልሶ ደጁ ላይ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ተሸካሚዎቹ «ዋሾይ! ዋሾይ!» የሚለውን የሸክም ዜማ እየተቀባበሉ መጡ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሚኮሺዋ በሰው ትከሻ ላይ ነበረች። የጎረቤት ደጅ ላይ ሦስት ጊዜ አነሷት፤ ደወሎቿ ተንጫጩ። የሐዘን ቤት ግን በዝምታ ይታለፋል። ከፉኪ ደጅ ሲደርሱ ሁሉም ድምፃቸውን አጠፉ፣ ዓይናቸውን ሰበሩ።

መንገደኛው ይህን ከየት ይወቅ? ደጅ አይቶ ቆመ። «ዋሾይ!» ብሎ ብቻውን ጮኸና የመሸከሚያውን እንጨት ወደ ላይ ገፋ፤ በእሱ በኩል ያለው ጥግ አንድ ስንዝር ያህል ተነሳ።

«ዝም በል አንተ! ሐዘን ያለበት ቤት ነው!» አለው ከኋላው ያለው።

የሰውየው ፊት ደም መሰለ። በእንጨቱ ሥር እንዳለ ለሺንሳኩ አንገቱን ዝቅ አደረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ መንገደኛ ነኝ፣ አላወቅሁም።»

ሺንሳኩ ሰውየውን አየው። ይህን ፊት ያውቀዋል፤ በማያውቀው ደጅ ላይ የሚደሰት ሰው ፊት ነው። ሊቆጣው አልቻለም። ይልቁንስ «እባክህ አንዴ ድገመው» ሊለው አማረው፤ አፉ ግን ሌላ ነገር ተናገረ።

«አምና መጥቼ ቢሆን ኖሮ ሁሉም እዚህ ይቆሙ ነበር» አለው።

እንግዳው አልገባውም። በጨዋ ደንብ ራሱን ነቀነቀና እግሩን ከሌሎቹ እግር ጋር አስተካክሎ አለፈ።