ወንድሜ የተረጎመው ፊልም

ታላቅ ወንድሜ ሞጣ ላይ ቪዲዮ ቤት ነበረው። የውጭ ፊልሙን ድምፅ ይቀንስና ማይክ ይዞ የሁሉንም ተዋናይ ንግግር እሱው ራሱ በአማርኛ ይናገራል፤ አንዴ ጄኔራል፣ አንዴ ሙሽራ ይሆናል። እኔ ቢቸና አስተምራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እሰማው ነበር። የናፈቀኝ ያ ድምፁ ነው።

መጨረሻ ያየነው ፊልም ወታደሮች ስለሚገዙት አገር ነበር። ተማሪዎች በስውር ወረቀት ይበትናሉ። ፖሊሶች የተማሪዎቹን መሪ እናት «ልጅሽ የት ነው?» ብለው ያፋጥጧታል፤ እሷም ፈርታ ትናገራለች። ወንድሜ ግን «አላየሁትም፣ ጌታዬ» አሰኛት። ጣጣው፣ ልጁ ወዲያው ሲያዝ ይታያል። ወንድሜም ማይኩን ጠጋ አድርጎ «ጎረቤት ጠቁሞ ነው» ብሎ ከራሱ ጨመረበት። አዳራሹ አጉረመረመ። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ሳቄ አመለጠኝ።

ስንወጣ፣ «ወንድምዓለም፣ ትተረጉማለህ ወይስ ትጠግናለህ?» አልኩት።

«እናት ልጇን አሳልፋ ሰጠች ብዬ በምን አፌ ልናገር? ነገ እኮ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ገበያ እገናኛለሁ!»

ብዙም ሳይቆይ «በፊልም አሳቦ ሕዝብ ይቀሰቅሳል» ተባለና ይፈለግ ጀመር። ሹልክ ብሎ ቢቸና መጥቶ እኔ በተከራየኋት ክፍል ተደበቀ። እኔም እናታችን እንዳትሰጋ ላጽናናት ብዬ ሞጣ ሄድኩ። እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጡ። አንደኛው፣ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ፣ «ወንድምሽ የት ነው?» አለኝ። አልመቱኝም። መትተውኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለራሴ የምለው አላጣም ነበር።

«ቢቸና፣ እኔ ቤት» አልኩ።

ቢቸና ስመለስ የክፍሌ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያጠበው ሸሚዝ ገመድ ላይ ደርቋል። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ የነገረን የለም። የማላውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር እሱ እየመሰለኝ ልቤ ይዘላል። በሙሽራዋ ድምፅ እያሾፈ እንኳ አንዴ «እህትዓለም» ቢለኝ! ኔትወርክ የጠፋ ሰሞን ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ እተኛለሁ፤ ሞኝነቴን አውቀዋለሁ።

መንገድ ሲከፈት በጉንደ ወይን አድርጌ ሞጣ እሄዳለሁ። እናቴ አርጅታለች። ለእሷ ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ጠዋት ነጠላዋን አደግድጋ ግቢው መሐል ትቆምና፣ «ልጄን ያስያዘብኝን ሰው፣ አንጀቴን እንዳቃጠለው አንጀቱን አቃጥልልኝ» ትላለች።

ከዚያ ዞር ብላ ታየኛለች። ጸሎቷን ብቻዋን ማሳረግ አትወድም።

«አሜን» እላለሁ።