የመጨረሻው ተራ

አይናለም ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች፤ ማታ ሂልቶፕ ሰፈር ካለው ቤቷ ገብታ ራት ትሠራለች። ቅዳሜ ሂሊያርድ በተባለው ሰፈር በሚገኘው የቡድን መሪዋ የጋሼ ዘውዱ ጋራዥ የእሽቅድምድም መኪናቸውን ስታሰናዳ ትውላለች። እሑድ፣ ውድድር ከሌለ፣ ታስቀድሳለች።

መኪናዋ ያረጀች ማዝዳ ናት። ውድድሩም ሠራተኛው፣ ጡረተኛው፣ ነጋዴው ለፍቅሩ ሲል የሚገባበት ነው፤ አንዲት መኪና ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ነጂዎቿ ይፈራረቁባታል። ሁሉም የሚመኘው የመጨረሻውን ተራ ነው፤ የፍጻሜው ባንዲራ የሚውለበለበው ለዚያ ነጂ ነውና። ያን ተራ ለዓመታት የያዘችው አይናለም ነበረች።

ከዚያ ኸይሪያ መጣች። በዲቪ አሜሪካ ከገባች ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ልብስ መደብር የምትሠራ ወጣት ናት። ወደ ጋራዡ ያመጣቻት፣ ፍሬን የት እንደሚረገጥ ያሳየቻት ራሷ አይናለም ነበረች። ቁመታቸው ስለሚመሳሰል በራሷ ገላ ልክ ያሠራችውን የወንበር ስፖንጅ እንኳ አካፈለቻት። ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ ላይ ታዲያ ልጅቷ በዚያው ስፖንጅ ተቀምጣ ዙሩን ሁሉ ከአይናለም ፈጥና ጨረሰች። «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» የተባለው በአይናለም ደረሰ።

እሑድ ጠዋት፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ ቡድኖቹ ድንኳን ጥለው መኪኖቻቸውን በሚያሰናዱበት ፓዶክ ውስጥ፣ ጋሼ ዘውዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መጨረሻውን ኸይሪያ ትንዳ።»

«እኔስ?»

«አንቺ መካከሉን። ሳትጭሪ ሳታጋጪ የምትመልሺልኝ አንቺ ነሽ።»

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ለአውቶቡስ ሹፌር የሚሰጥ ምስጋና ነው።»

«አውቶቡሱንማ ማን ነካብሽ?» ብለው ሳቁ።

ኸይሪያ ቀረብ ብላ፣ «እትዬ አይኔ፣ ቅር ካለሽ እኔ ልተወው» አለች። አይናለምን ይበልጥ ያንገበገባት ይህ ነበር፤ ልጅቷ ብትኮራባት ኖሮ መጥላቱ በቀለላት።

የፓዶክ ወግ ሆኖ፣ የሚወርደው ነጂ የሚገባውን ቀበቶ ያስርለታል። አይናለም ተራዋን ጨርሳ ወረደች፤ ላቧ ሳይደርቅ ጎንበስ ብላ የኸይሪያን ቀበቶ በሁለት እጇ ሳበችው።

«መተንፈስ አቃተኝ፣ እትዬ!»

«እንግዲያው ልክ ነው። አንድ ነገር ብትሆኚ ‹ቀንታ ነው› ይሉኛል።»

«ቀናሽ እንዴ?»

«ሂጂ! ነዳጅ አታቃጥዪ።»

አይናለም አጥሩን ተደግፋ ቆመች። እርሷ ዘወትር ፍሬን የምትይዝበትን ቁልቁለት ኸይሪያ ሳታመነታ ወረደችው፤ ሁለት መኪና አለፈች፤ በሌላ ዙር ደግሞ ሦስተኛውን። «መንገዱን ስታ ሣሩ ላይ በወጣችልኝ፤ ሳትጎዳ፣ እንዲያው በወጣችልኝ!» ስትል ራሷን ያዘችና ደንግጣ አማተበች። ምኞቱ ግን እስከ ባንዲራው አብሯት ቆየ። ኸይሪያ ሦስተኛ ወጣች። የየድንኳኑ ሰው እየመጣ፣ «ያስተማርሻት አንቺ ነሽ አሉ!» እያለ የአይናለምን እጅ ጨበጠ፤ እርሷም በጥርሷ ሳቀች።

ከጎረቤት ድንኳን ሊንዳ የምትባል ሸበቶ ነጂ መጣች። ትከሻዋን ልትታከም ስለሆነ ምትክ ትፈልግ ነበር። «በሚቀጥለው ውድድር በእኔ ቦታ ንጂልን። የመጨረሻው ተራ የእኔ ነበር፤ ያንቺ ይሆናል» አለቻት።

አይናለም ሰኞንና ማክሰኞን በየፌርማታው ሕፃናት ስትጭንና ስታወርድ ይህንኑ አሰላሰለች። ማዝዳዋን ከጋሼ ዘውዱ ጋር ብሎን በብሎን የገጠመቻት እርሷ ናት፤ ያን ትቶ መሄድ ከበዳት። ኸይሪያ ዳግመኛ ሲሳካላት ቆሞ ማጨብጨብ ግን ከዚያም ባሰባት። ረቡዕ ደወለች።

«ጋሼ፣ በሚቀጥለው ከእነ ሊንዳ ጋር ነው የምነዳው።»

«ልጅቷን ስላስቀደምኩ ነው?»

«አዎን።»

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ ለራሷ አሳጠረች። የእነርሱ መኪና እኮ ከእኛዋ ይዘገያል።»

«ይዘግይ።»

«ለኸይሪያስ ምን ልበላት?»

«ስፖኪዮዋን እንድታይ ይንገሩልኝ፤ ከኋላዋ እመጣለሁ።»

ስልኩን ዘጋች፤ በዚያው ዕለት በሊንዳ ቡድን ውስጥ ስሟን አስመዘገበች።