ከፊት ለፊቴ ያለው በር

ከቦንጋ ልወጣ በዋዜማው ምሽት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ መነጋገር አቅቶን ነበር። ቤታችን በሰው ሞልቷል። እናቴ ቆጮውን ከጎመንና ከአይብ ጋር እያቀረበች፣ የማይበላውን ሁሉ እየተቆጣች ትዞራለች። አጥር የምንጋራቸው ጡረተኛው ጋሽ ወልዴ ድምፃቸውን ከዝናቡ በላይ ከፍ አድርገው፣

«እንዲያው አስቴር ልጄ፣ ኮሌጅ የምታስተምር ሰው ጀርመን ድረስ ሽማግሌ ልታጥብ ትሄዳለች?» አሉኝ።

«የአረጋውያን እንክብካቤ ነው፣ ጋሽ ወልዴ። ሦስት ዓመት ሥልጠና አለው።»

«ማጠብን ሦስት ዓመት ይማሩታል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም።

ኮሌጅ ውስጥ ለዕጩ መምህራን የማስተምረው ሳይኮሎጂ ነበር። ሰው ወደፊት ምን ያህል ደስ እንደሚለው ሲገምት እንደሚሳሳት፣ አዲስ አገርም አዲስ ኑሮም ቶሎ ተለምዶ ደስታው እንደሚደበዝዝ፣ ስንቴ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስረድቻለሁ መሰላችሁ! ያን ምሽት ግን ይህ ሁሉ ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ መሰለኝ። ጠዋት አውቶቡሱ ከቦንጋ ሲወጣ እንኳ ዞሬ አላየሁም።

ብሬመን ገባሁ። ዝናብ እዚህም አለ፤ ግን የእኛ ዝናብ ወርዶ፣ ወርዶ፣ አባርቶ ፀሐይ ያሳያል። የዚህኛው ካፊያ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ አይጠነክርም፣ አይተውም። ጥቁሩ ዳቧቸው ኮምጠጥ ይላል። መጀመሪያ ስቀምሰው ቆጮ ትዝ ብሎኝ ደስ አለኝ፤ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ቆጮ አለመሆኑ ገባኝ፣ ደስታውም እዚያው ቀረ። ከማያውቁት ሰው ጋር ሁለት ቃል መለዋወጥ መንፈስን ያቀላል እያልኩ አስተምር ስለነበር፣ ሽትራሰንባን በሚሉት የከተማ ባቡር አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴትዮ «ጉተን ሞርገን፣ እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደህና?» አልኳት። ቦርሳዋን ወደ ሌላው ጎኗ አዛወረችና በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች። ከዚያ ወዲህ እኔም እንደ ሌላው መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

የተከራየሁት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከፊት ለፊቴ ሄር ክራመር የሚባሉ አዛውንት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሄር ማለት አቶ እንደ ማለት ነው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ያልፋሉ። አንድ ቀን ቁልፌን በሩ ላይ ረስቼው ኖሮ አንኳኩ።

«ቁልፍሽ ውጭ ነው። እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም» አሉና ሰጡኝ። ከዚያ ሌላ ነገር ሊሉ እንደፈለጉ ቆሙ። እኔም ቆምኩ። ቤት ይግቡ ልበል አልበል ስል፣ «እንግዲህ…» ብለው ተመለሱ።

ክረምት ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የሄር ክራመር ጋዜጣ በራቸው ላይ ሳይነሳ አየሁት። ማክሰኞ ሁለት ሆነ። የሌላ ሰው አባት ላጥብና ላጎርስ እየሮጥኩ ነበር፤ ዘመድ ዘንድ ሄደው ይሆናል፣ ባይሆንም የታችኛው ፎቅ ባለ ውሻ ሴትዮ ጠይቃቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ረቡዕ ሦስተኛው ሲጨመር ለአከራያችን ለወይዘሮዋ ለፍራው ላንገ ደወልኩ።

«የሄር ክራመር ጋዜጣ በሩ ላይ ተከምሯል።»

«ደረጃ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ በቤቱ ደንብ ክልክል ነው» አለችኝ።

«ስለ ጋዜጣው አይደለም፤ ሰውየው አልታዩም።»

«ቅሬታ አለሽ?»

«ቅሬታ የለኝም፣ ፈርቼ ነው።»

«ቅሬታ ከሆነ በጽሑፍ አስገቢ። ፍርሃት እኔን አይመለከተኝም።»

ስልኩን ዘግቼ በሩን ደበደብኩት። ከውስጥ አንድ ነገር ወለሉን ሲቧጥጥ ተሰማኝ። አምቡላንስ ጠራሁ፤ መጡ፣ በሩን ሰበሩ። ሄር ክራመር ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር። አዩኝ።

የአምቡላንሱ ሰው መዝገቡን ይዞ፣ «ጋዜጣውን መጀመሪያ ያየሽው መቼ ነው?» አለኝ።

«ሰኞ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ባለ ውሻዋ ሴትዮ ደረጃው ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። «አንቺ የጠየቅሻቸው መስሎኝ ነው እኮ! አጠገባቸው ነሽ» አለችኝ።

ይህንን ነገር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምረው ነበር። የተቸገረን ሰው የሚያየው ሲበዛ፣ እያንዳንዱ «ሌላው ይደርስለታል» እያለ ማንም ሳይደርስለት ሊቀር ይችላል። አንዴ ከደካ የመጣች ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ እኛ ጋ ሰው እስከ ረፋድ በሩን ካልከፈተ ጎረቤት አጥር ጥሶ ይገባል። ይሄ የየት አገር ጠባይ ነው?» ብላ ክፍሉን አሳቀችው። «የሰው ሁሉ ጠባይ ነው» ብዬ መለስኩላት። ራሴን ግን አልቆጠርኩም ነበር።

ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ሆስፒታል ሄድኩ።

«ዘመድ ነሽ?» አለችኝ የእንግዳ መቀበያው መስኮት ላይ ያለችው ሴት።

«ጎረቤት ነኝ።»

«ለጎረቤት መረጃ አንሰጥም።»

ልጃቸው ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ መልኬን አይታ ብትስቅም ማለት ነበረብኝ። እኛ ዘንድ ከዘመድ ቀድሞ የሚገባው ጎረቤት አይደል? ሰኞ ዕለት ፍራው ላንገ የሄር ክራመርን ክፍል መስኮት እየለካች አገኘኋት። ቅዳሜ አርፈዋል አለችኝ፤ ቀጥላም የእኔ መስኮት በደንብ ይዘጋ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ማታውን ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። እስከዚያ ቀን «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር የነገርኳት ነገር አልነበረም።

«ልቅሶ ደረስሽ?» አለችኝ።

«ልቅሶ የለም፣ እማዬ።»

«እንዴት ልቅሶ የለም? ማን ቀበረው?»

«አላውቅም።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። «በይ እኔ ነገ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለካህናቱ ስሙን ሰጥቼ ጸሎት አስደርስለታለሁ። ማን ነበር ስሙ?»

«ክራመር።»

«ይሄ የሱ ስም ነው?»

«የቤተሰቡ ነው።»

«የሱንስ?»

ስልኩን እንደያዝኩ በሬን ከፍቼ ወጣሁ። ደወላቸው አጠገብ ያለችው ትንሽ ወረቀት ላይ አንዲት ፊደል፣ ነጥብ፣ ከዚያ ክራመር ይላል። ፊደሏ ኤች ናት። ኤች የየትኛው ስም መጀመሪያ እንደሆነች አላውቅም።

«አስቴር፣ ትሰሚኛለሽ?» ትላለች እናቴ። «የሱን ስም ነው የጠየቅሁሽ።»